ሥዕሉ ያነብለታል ወይስ ያስነብበዋል?

(ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለልጆች መጻሕፍት አዘጋጆች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። አዘጋጆቹን ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ፊት ለፊቴ መምህራን አሉ። ወላጆች አሉ። እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ የልጆች መጽሐፍ የሚሥሉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ዛሬ የእናንተን ሥራ ትንሽ እነካካለሁ፤ አትቀየሙኝ።

ርዕሴ ማንበብ የሚቸግራቸው ልጆችና ሥዕል ነው። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሥዕል መቼ እንደሚያሰናክል። ሁለተኛ፣ መቼ እንደሚያግዝ። ሦስተኛ፣ እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል። አንደኛው ረዘም ይላል። ብዙ ሰው የማያምነኝ እሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። «ማንበብ የሚቸግረው ልጅ» ስል ሰነፍ ልጅ ማለቴ አይደለም። ዓይኑ የደከመ ልጅ ማለቴም አይደለም። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማንበብን የሚያከብድ ችግር፣ ያለባቸው ልጆች ፊደል ተገልብጦ ነው የሚታያቸው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የአብዛኞቹ ችግር ያ አይደለም። ችግሩ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ጓደኛው በቅጽበት የሚያደርገውን እሱ በላቡ ነው የሚያደርገው። ተረት ሲነገረው ይገባዋል። ይቀልዳል፣ ይከራከራል፣ ወሬ ያሳምራል። መጽሐፍ ሲከፈት ግን አንድ ቃል ይይዘውና ቀጥ ይላል።

ቀጥ ሲል ምን ያደርጋል? ቀና ይላል። ቀና ሲል ምን ያያል? ሥዕሉን።

አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያነብልኝ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልናገርም፤ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ ሊቆጣኝ ይችላል። ገጹ ላይ አንድ አህያ አንገቱን ወደ ወንዝ ደፍቶ ይታያል። ከሥሩ ሦስት ቃል ተጽፏል። «አህያው ወንዙን ተሻገረ» ይላል። ልጁ ጣቱን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገ። ሥዕሉን አየ። «አህያው» አለ። ጣቱ ወደ ሁለተኛው ቃል ሄደ። «ወ» ላይ ቆመ። ከንፈሩን አሞጠሞጠ። ቀና አለ። ሥዕሉን አየና ተመለሰ። «ውሃ» አለ። ከዚያ በኋላማ ምን ቀረው? ሦስተኛውን ቃል ዞር ብሎም አላየውም። «ጠጣ!» ብሎ ገጹን ገለጠው።

አህያው ውሃ ጠጣ። ሰዋስው ቢሉ አልተሳሳተም። ትርጉም ቢሉ ትርጉም አለው። መጽሐፉን ያላየ ሰው ከሩቅ ቢሰማው «ጎበዝ!» ይለዋል። ግን ከተጻፈው ውስጥ ያነበበው ምንድን ነው? ምናልባት አንዲት «ወ»ን፤ እሷንም አፉ ላይ ስትደርስ «ው» አድርጓታል። «አህያው» የሚለውንም ማንበቡን እጠራጠራለሁ። አህያው እዚያው ቆሞ የለም እንዴ?

ሥዕሉን በእጄ ሸፈንኩና «እስቲ እንደገና» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ እጅዎን ያንሱልኝ፤ መልሱ እኮ እዚያ ነው ያለው።»

መልሱ እዚያ ነው ያለው! ይሄ ልጅ ሊያታልለኝ አልፈለገም። የተነገረውን ነው ያደረገው። ስንቶቻችን ነን ልጅ ቃል ሲይዘው «ሥዕሉን እየው እስቲ፣ ምን ይመስልሃል?» የምንለው? እጃችሁን አታውጡ። እንተዋወቃለን።

ምክሩ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኬነዝ ጉድማን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ማንበብ የግምት ጨዋታ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጎበዝ አንባቢ ፊደሉን አንድ በአንድ አይለቅምም፤ ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ እየገመተ ይነጉዳል አለ። ሐሳቡ ያምራል። በብዙ አገሮች የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ገባ። ፊደሉ ካስቸገረህ ሥዕሉን እይ፣ የሚሆነውን ገምት የሚለው ምክርም አብሮት ተስፋፋ።

የሚገርማችሁ፣ በዚያው በ1967 ጄይ ሳሙኤልስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ አንድ ጥናት አሳተመ። ገና ማንበብ የሚጀምሩ ልጆችን ቃል አስተማረ። ለአንዳንዶቹ ቃሉን ከነሥዕሉ ሰጠ። ለሌሎቹ ቃሉን ብቻ ሰጠ። በልምምዱ ጊዜ ሥዕል የተሰጣቸው በለጡ። ምን ያስገርማል? መልሱ አጠገባቸው ነው። ፈተናው ሲመጣ ሥዕሉ ተነሣ። ያን ጊዜ የበለጡት ያለ ሥዕል የተማሩት ናቸው። ነገሩን መደበኛ ክፍል ውስጥም ሞከረው። ጎበዞቹ ላይ ሥዕል መኖሩም አለመኖሩም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ደካማዎቹ ግን ያለ ሥዕል ሲማሩ ብዙ ቃል ያዙ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሥዕሉ ያሰናከለው ማንን ነው? የሚያነበውን ልጅ አይደለም። የሚቸገረውን ነው። እኛ ሥዕል የምናበዛለት ለየትኛው ልጅ ነው? ለሚቸገረው!

በ1980 ደግሞ ኪት ስታኖቪች የተባለ ተመራማሪ ጥናቶቹን ሰብስቦ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ቃሉን ቶሎ የሚለይ አንባቢ ግምት ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ለመገመት ከሚፈጅበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ያነበዋል። ቃሉን ለማወቅ በዙሪያው ባለ ፍንጭ ላይ ይበልጥ የሚደገፈው ደካማው አንባቢ ነው። የጎበዝ ምልክት ተብሎ ሲሰበክ የነበረው ነገር የደካማው መሸሸጊያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንድ ቃል አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው ዓይን በፊደሎቹ ላይ አልፎ ከድምፃቸው ጋር ሲያያይዛቸው ነው። ያ ደጋግሞ ሲሆን ቃሉ ዘመድ ይሆናል፤ ገና ከሩቅ ይታወቃል። ሥዕሉ ቀድሞ መልሱን ከሰጠ ግን ዓይን በፊደሎቹ ላይ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ልጁ ዛሬ «አህያው» ብሎ አልፏል። ነገ ሥዕል በሌለበት ገጽ ላይ ያው ቃል ሲመጣበት እንግዳ ይሆንበታል።

ክፋቱ ደግሞ ችግሩ ቶሎ አለመታየቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መጽሐፉ በሙሉ ሥዕል ነው። ልጁ ይገምታል፣ ይሸመድዳል፣ ያልፋል። ክፍሉ ከፍ ሲል ሥዕሉ ይቀንሳል፤ ጽሑፉ ይጠጋጋል። ያኔ ወላጅ ደንግጦ ይመጣል።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ «እስከ ሁለተኛ ክፍል እኮ እንደ ውሃ ነበር የምትጠጣው፤ ምን ነካብኝ?» አለችኝ። የምትጠጣውን የመጀመሪያ ክፍል መጽሐፍ አስመጣሁ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ መርጬ ጽሑፉን ብቻ በነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ሰጠኋት። ልጅቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች። ምንም የለም። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ይሄ የቱ ገጽ ነው? ድመቷ ያለችበት ነው?» አዎ፣ እሱ ነው ብላት ኖሮ አንድ ቃል ሳታዛንፍ ትወጣው ነበር። እናትየዋ ግን ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ነገሩ ገባት።

«እኛ እኮ ማታ ማታ እናነብላቸዋለን» የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ። በርቱ፣ አትተዉት! ቃል ይማሩበታል፤ ጆሯቸው ይሰላበታል። ግን አብረው ጽሑፉን የሚያዩ አይምሰላችሁ። ሜሪ አን ኤቫንስና ዣን ሴንት-ኦበን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሲነበብላቸው የትናንሽ ልጆችን ዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታተሉ። ልጆቹ ጽሑፉን የሚያዩት አልፎ አልፎ፣ ለቅጽበት ያህል ነው። ዓይናቸው ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። የልጅ ዓይን ወደ ሥዕል ቢሄድ አይፈረድበትም። የእኔም ይሄዳል።

አንድ ጥናት ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ይሄኛው ልጆቹ ራሳቸው ሲያነቡ ነው። በ2020 ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ካሳንድራ ኢንግና ባልደረቦቿ አንድ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ወሰዱ። ገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ ነው። ግማሹን እንዳለ ተዉት። በሌላው ግማሽ ላይ ከታሪኩ ጋር የማይገናኘውን ጌጣጌጥ ሁሉ አነሡ። ሥዕል ጨርሶ አላጠፉም፤ ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ትተው ትርፉን ነው ያነሡት። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲያነቡት ዓይናቸው ከጽሑፉ የሚሸሽበት ጊዜ ቀነሰ። ያነበቡትንም ይበልጥ ተረዱት። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ዓይናቸው ቶሎ ቶሎ የሚሸሽባቸው ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ፦ መቼ ያግዛል?

እስካሁን የሰማችሁኝ «ሥዕል ይውደም» የምል ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም! ኮሜኒየስ የተባለ የጥንት አውሮፓዊ የትምህርት ሊቅ ሥዕልና ቃልን ጎን ለጎን ያስቀመጠ የልጆች መማሪያ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1658 ነው። ሰውዬው ትክክል ነበር። ያላዩትን ነገር በቃል ብቻ መማር ይከብዳል። ሌቪና ሌንትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1982 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ሥዕል ያለበትን ጽሑፍ ሥዕል ከሌለበት ጋር ያወዳደሩ 46 ንጽጽሮች አገኙ። ከአንዱ በቀር በሁሉም፣ ሥዕል ያለበትን ያነበቡት በአማካይ በለጡ። ሥዕሉ ጽሑፉ የሚለውን ነገር የሚያሳይ ከሆነ ማለት ነው። እንዲያውም ደካማ አንባቢዎችን ይበልጥ ሳያግዝ አይቀርም ብለዋል።

እንግዲህ ሊያፋጥጠኝ የሚፈልግ ሰው አሁን ነው የሚነሣው። ቅድም ሳሙኤልስ ይጎዳል አለ፤ አሁን እነ ሌቪ ይጠቅማል አሉ። የቱን እንመን?

ሁለቱንም። ምክንያቱም የጠየቁት ጥያቄ ይለያያል። ሳሙኤልስ የጠየቀው ልጁ ቃሉን ማንበብ ተማረ ወይ ብሎ ነው። እነ ሌቪ የጠየቁት የተጻፈውን ተረዳው፣ አስታወሰው ወይ ብለው ነው። ጎፍና ታንመር የተባሉ ምሁራን በ1986 ነገሩን በሒሳብ አስቀምጠውታል። አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ ሲባዛ በቋንቋው መረዳት ነው አሉ። ልብ በሉ፣ ሲደመር አላሉም። ሲባዛ ነው ያሉት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ሺህ ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ነው።

ሥዕል መረዳቱን ያግዛል። ፊደሉን ወደ ቃል በመለወጡ ሥራ ላይ ግን መልስ አቀባይ ይሆናል። እኔ ዛሬ የምለው ነገር በሙሉ ይሄው ነው፤ ሌላው ማብራሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሥዕል ሲያጋጥማችሁ «ያምራል ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የልጁን የትኛውን ሥራ ነው የሚሠራለት?» በሉ።

ፊደሉንም ቢሆን የሚያግዝ አንድ የሥዕል ዓይነት አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ደግሞ በጣም ነው የምወደው። ሊኒያ ኤሪና ባልደረቦቿ በ1984 ያሳተሙት ጥናት ነው። ማንበብ ላልጀመሩ ልጆች ፊደል ሲያስተምሩ ሥዕሉን ከፊደሉ አጠገብ አላስቀመጡትም። ፊደሉን ራሱን ሥዕል አደረጉት። የፊደሉ ቅርጽ የአንድ ነገር ቅርጽ ይሆናል፤ የነገሩ ስም ደግሞ በዚያው ፊደል ድምፅ ይጀምራል። እነዚህ ልጆች የፊደሉን ድምፅ በደንብ ያዙ። ሥዕሉ ከፊደሉ ቅርጽ ጋር ያልተገናኘላቸው ልጆች ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም።

አሁን የፊደል ገበታዎቻችንን አስቡ። «በ» ተጽፎ አጠገቡ በግ ቆሟል። ልጁ «በግ» ይላል። እናጨበጭባለን። ያየው በጉን ነው። በጉ ከ«በ» ቅርጽ ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም! አሁን ደግሞ «መ»ን አስቡ። ሁለት ክብ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ። መነጽር አይደለም እንዴ? መነጽር ደግሞ በ«መ» ይጀምራል። «ዐ»ን እዩት። ክብ ነው። መሐሉ ላይ ብሌን ጨምሩበት፤ ዐይን ይሆናል። ሠዓሊዎች፣ ፊደላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት አለ? ቁጭ ብላችሁ ብትፈልጉት እኮ ሀብት ነው። ሁሉም ፊደል እሺ አይላችሁም፤ አታስገድዱት። እሺ ያለውን ግን ለልጆቹ ስጧቸው።

ሦስተኛው፦ ምን እናድርግ?

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ሥዕል። አንድ ወፍራም ካርቶን በቂ ነው። ሥዕሉ ይሸፈናል፤ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ያነባል፤ ካርቶኑ ይነሣል። ስታነሡት ዝም ብላችሁ አታንሡት። «ያነበብከው ነገር ምን ሆኖ የተሣለ ይመስልሃል?» በሉት። ይገምት! አሁን መገመት ይችላል። ቅድም ከሥዕል ወደ ቃል ነበር የሚገምተው፤ አሁን ከቃል ወደ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ሲያየው ያነበበውን ያረጋግጥበታል፤ ወይም ከጸሐፊው ጋር ይጣላበታል። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ቃል ሲይዘው «ሥዕሉን እይ» አትበሉት። «የመጀመሪያው ፊደል ምን ይላል? ቀጥሎስ? አያይዘው» በሉት። ይዘገያል። ይዘግይ። ካቃተው ቃሉን ንገሩትና አብራችሁ በፊደሎቹ ላይ እለፉ። ከግምቱ ይሻላል።

ከማንበብ በፊት ሥዕል ማሳየት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጽሑፉ ስለ እሳተ ገሞራ ከሆነና ልጁ እሳተ ገሞራ ምን እንደሆነ ካላወቀ አሳዩት፣ አውሩበት፣ ቃሉን በአፉ ይበለው። ከዚያ ሸፍኑና አስነብቡት። ምንም ጽሑፍ የሌላቸው፣ በሥዕል ብቻ ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍትም አሉ። እነሱን ለማውራት ተጠቀሙባቸው፤ የልጁን የተረት አቅም ያጎለብታሉ። ግን ያን ሰዓት «ዛሬ አነበበ» ብላችሁ አትመዝግቡት። ዛሬ አወራ ነው።

ትልልቆቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአስራ አንድና የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ አስቡ። ማንበብ ስላልቻለ የትናንሾች መጽሐፍ ይሰጡታል። ጥንቸሏ በቀሚስ፣ ፀሐይዋ በፈገግታ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የተሰጠው አንድ ልጅ የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ከቶ ሲገልጠው አይቻለሁ። ሰው ወደሱ ሲመጣ ሳይንሱን ከፍ ያደርጋል። የሳይንሱን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም፤ ግን መደበቂያ ሆኖታል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሥዕሉ ገና ሳያነብ ነው የሚሰድበው። ቀላል ጽሑፍ ስጡት፣ ሥዕሉ ግን የእሱን ዕድሜ ያክብር። ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ፣ የሚወድ ከሆነ ተዉት ያንብብ። ኮሚክ ላይ የተናጋሪው ቃል በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ ስለሚቀርብ ጽሑፉ ክምር ሆኖ አያስፈራውም። ግን አጠገቡ ቁጭ በሉና አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ሥዕሉን ብቻ እየተከተለ ከሆነ በአንድ ገጽ ታውቁታላችሁ።

ለሠዓሊዎችና ለአሳታሚዎች ያለኝ ልመና አጭር ነው። ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ አትጻፉት፤ ንጹሕ ቦታ ስጡት። ለታሪኩ የማይረባ አበባና ቢራቢሮ ገጹ ጥግ ላይ አትበትኑ። ለጀማሪ በሚዘጋጅ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ከተቻለ ከጽሑፉ በኋላ፣ ገጽ ሲገለጥ የሚመጣ አድርጉት። ያ አህያ በወዲያኛው ዳር ቆሞ፣ ከሆዱ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብበት በሚቀጥለው ገጽ ላይ ቢሣል ኖሮ ልጁ «ጠጣ» ለማለት ምን ምክንያት ነበረው? ሥዕሉ እኮ ያው አንድ ሥዕል ነው። ወጪ አይጨምርም። ቦታው ብቻ ነው የሚቀየረው።

እዚያ ጋ እጅ አይቻለሁ። «እስከ መቼ ነው የምንሸፍነው?» ነው ያሉት? ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁርጥ ያለ ዕድሜ አልነግርዎትም። የልጁን አንገት ይዩ። ቃል ሲከብደው ቀና ካለ ገና ነው። ቃል ከብዶትም ወደ ፊደሉ ጎንበስ ካለ፣ ከንፈሩ ፊደሉን ከፈታተሸ፣ ካርቶኑን ይተዉት። አንድ ክፍል ውስጥ ለአንዱ እየሸፈናችሁ ለሌላው ክፍት ልታደርጉ ትችላላችሁ። ሲሸፈንበት የሚያኮርፍ ልጅ ይኖራል። ለእሱ ካርቶኑን በእጁ ስጡት፤ ራሱ ይሸፍን፣ ራሱ ይግለጥ። ኩርፊያው ብዙውን ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ሰዓትህ አልቋል የሚል ምልክት እየታየኝ ነው። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን ለሌሎች ጠያቂዎች አሳልፉልኝ።